የአባቴ ኮት ኪስና የእሳት እራቶቹ

አባቴ ሳያሸት የሚገዛው ነገር የለም። ቅቤ ያሸታል፣ በርበሬ ያሸታል፣ አዲስ ጫማ እንኳ ገልብጦ ያሸታል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዘይት መጭመቂያ ውስጥ ስለሠራ፣ ከአፍንጫው የሚበልጥ ባለሙያ ያለ አይመስለውም።

ከጓሯችን ያሉትን ብርቱካኖች የተከላቸው እኔ ሳልወለድ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ፍሬው ሳይበስል ይረግፋል፤ ስንሰነጥቀው ውስጡ ትል አለ። አባቴ ታገሠ ታገሠና በመጨረሻ፣ «ቅዳሜ ዛፎቹን የሚቆርጥ ባለመጋዝ ይመጣል። ቦታው ላይ ለቂሊንጦ ፋብሪካዎች ሠራተኞች የሚከራይ ክፍል እሠራበታለሁ» አለ። ሰፈሩ ሁሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። እኔ ግን እነዚያ ዛፎች ሲወድቁ ማየት አልቻልኩም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፤ እሱ ወይ ፍንክች።

ቢቸግረኝ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ለምኜ አመጣኋት። ከካርቶን የተሠራ፣ ወለሉ ሙጫ የተቀባ ትንሽ ጎጆ የሚመስል ወጥመድና የጣት ጫፍ የምታህል ጎማ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ትሉ የሚፈለፈለው የእሳት እራት ከምትጥለው እንቁላል ነው» አለችው። «ሴቷ ወንዱን የምትጠራው በጠረኗ ነው፤ ፌሮሞን ይባላል። ይህች ጎማ እሱን የመሰለ ጠረን አላት። ወንዶቹ ሴት አገኘን ብለው ሲመጡ ሙጫው ይይዛቸዋል። ያለ ወንድ ደግሞ እንቁላሉ አይፈለፈልም።»

አንድ ወጥመድ ብቻውን ትሉን እንደማይጨርሰው፣ የእሳት እራቶቹ መኖራቸው ከታወቀ ሌሎች እንደምትጨምርልን ነገረችን። ጎማዋን በእጃችን እንዳንነካም አስጠንቅቃ፣ ወጥመዱን ዛፍ ላይ ሰቅላልን ሄደች።

በማግስቱ ወጥመዱ ባዶ ነበር። ከዚያም በኋላ ባዶ። ዓርብ ሲደርስ ለባለሙያዋ ደውዬ ልጮህባት ምንም አልቀረኝም። ጀምበር ስትጠልቅ አባቴ እንደ ልማዱ ኮቱን ደርቦ ከብርቱካኖቹ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብሶቴን ልነግረው ስጠጋ ደረቱ ላይ አመድማ ነገር ሲርገበገብ አየሁ።

«አባዬ፣ እንዳትንቀሳቀስ!»

የእሳት እራቶች ናቸው። የኮቱን ኪስ ከበውታል። አንዱ ክንፉን እያርገፈገፈ በኪሱ አፍ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ሌላው ወደ ውስጥ ለመግባት ይታገላል። ከዛፎቹ በኩል ደግሞ ሌሎች እየመጡ ነው።

«ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ያቺ ጎማ ናት» አለ በሹክሹክታ። «ባሸታት ባሸታት ምንም የላትም። ተበላሽታለች ብዬ በተሰቀለች ዕለት አውጥቼ ቤት አስቀመጥኳት፤ ለልጅቷ ልመልስላት ዛሬ ኪሴ ከተትኳት።»

ሳቄ መጣ፤ ግን ወዲያው ጠፋ። ከአስፋልቱ የከባድ መኪና ጭስ፣ ከወንዙ የፋብሪካ ፍሳሽ ክርፋት ይነፍሳል። በዚያ ሁሉ መሀል ከአንድ ያረጀ ኮት ኪስ የሚወጣ፣ ለእኛ ጨርሶ የሌለ ነገር፣ እነሱን ከያሉበት ይጠራቸዋል። ገረመኝ ብል ያንሳል። ስንት ዘመን በዚህ ግቢ ስንወጣና ስንገባ፣ በአፍንጫችን ሥር ይህ ሁሉ ጥሪ ሲተላለፍ ኖሯል!

አባቴ ከዱካው አልተነሣም። አንዱ ጣቱ ላይ ሲወጣበት እንዳያባርረው ትንፋሹን ዋጠ።

«እነሱን ይሸታቸዋል» አለ፤ «እኔን ግን ምንም!»

እንዲህ ተሸንፎ ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም። ጨልሞ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅተን እጁን በፌስታል ጠቅልሎ ጎማዋን ወጥመዱ ውስጥ መለሳት። ከዚያ ስልኩን አወጣና ለባለመጋዙ ደወለ።

«ነገ እንዳትመጣ።»

ሰውዬው ያለውን አልሰማሁም፤ ምክንያቱን ሳይጠይቀው አልቀረም።

«ዕድሜ ልኬን አብሬያቸው ኖሬ» አለው አባቴ፣ «ገና ዛሬ መተዋወቃችን ነው።»