እምቢ የምትለው ሥዕል

የትነበርሽ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ማራኪ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መኝታ ቤት ስታጸዳ ትውላለች፤ ማታ ደግሞ የተከራየቻትን አንዲት ክፍል ትጠርጋለች፤ ጠዋት የጠረገችውን። ጎረቤቶቿ «የዚችን ሴት እግር ምን ነክሶት ነው?» ይላሉ። የነከሳት የልጇ ነገር ነው። ፍሬሰላም ስምንት ዓመቷ ነው፤ ንግግር ግን አልመጣላትም።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ለፍሬሰላም ደጃዝማችነቱ ቀርቶ ውሃውም ይቀርባት ነበር። የፈለገችውን ሰው አልገባው ሲል የእጇን አንጓ ትነክሳለች፣ እስኪደማ።

አምና የልዩ ፍላጎት መምህሯ ሽታዬ ታብሌት አመጣችላት። ሥዕሉ ሲነካ ድምፅ ያወጣል፤ ውሃ፣ እንጀራ፣ እማዬ። ከዳር ደግሞ የተዘረጋ መዳፍ አለ፤ እሱ ሲነካ «እምቢ» ይላል። ፍሬሰላም ከሁሉ አስቀድማ የለመደችው እሱን ነው። ወር ሳይሞላ የእጇ ቁስል ሻረ።

ታዲያ ደህና ነገር መች ይበረክታል! የእመቤታችን ማኅበር እነየትነበርሽ ቤት በሆነ ቀን፣ የባሏ ታላቅ ወንድም አያ አድማሴ ከዳባት መጡ። ልጅቷን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ ሰው በሞላበት ቤት ታብሌቱ «እምቢ!» አለ። ልጅቷ መዳፉን ደግማ ነካችው። «እምቢ!»

አያ አድማሴ ቀና አሉ። «ምነው የትነበርሽ? እምቢ የሚለኝ ማኪናው ነው ወይስ ልጅቱ ናት?»

«ማኪናው ነው፣ አያ» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እንግዳው ሲሸኝ መዳፉን ከታብሌቱ ላይ ደበቀችው፤ አደባበቁን ከሽታዬ አይታለች። ልጅ ለታላቅ እምቢ አይልም፤ እሷም ያደገችው እንዲያ ነው። ቦታው ነጭ ሆኖ ቀረ።

ንክሻው ተመለሰ። የትነበርሽ ቅባት ገዛች፣ ጠበል ወሰደቻት፣ እጇን በጨርቅ አሰረች፣ መልሳ ፈታችው፣ ተቆጣች፣ ተቆጥታም አለቀሰች። ሽታዬ ስትደውል «ደህና ናት» ትልና ስልኩን ትዘጋለች። ምክንያቱን ልቧ ያውቀዋል፤ ያን ሁሉ የምትሮጠው ልቧን ላለመስማት ነው።

የቁስቋም በዓል ዋዜማ የልጇን ጠጉር ትሠራ ጀመር። ግማሹን እንደጨረሰች ፍሬሰላም ተቁነጠነጠች፤ ታብሌቷን ሳበችና ነጩን ቦታ ነካች። ድምፅ የለም። ደግማ ነካች። አሁንም ዝም። ከዚያ ዘወር ብላ የእናቷን ጣት ያዘችና እዚያው ላይ አሳረፈችው፤ እስቲ አንቺ ሞክሪው እንደማለት።

ሚዶው ከየትነበርሽ እጅ ወደቀ። እግዜር ለልጇ አፍ እንዲሰጣት ስትለምን ኖራ፣ አፉ ሲመጣ በገዛ እጇ ዘግታዋለች። እንዲህ ያለ እፍረት አፍራ አታውቅም። «ይቅር በይኝ ልጄ» አለችና መዳፉን ወደ ቦታው መለሰችው።

ፍሬሰላም ነካችው። «እምቢ።»

«እሺ» አለች እናቷ። ሚዶውን አነሳችና አስቀመጠች።

በማግስቱ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ለበዓሉ ከዳባት የመጡት አያ አድማሴ አገኟቸው። ሰው ይጋፋል። ልጅቷ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ ጠጉሯ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ጎፍሯል።

«ምነው? ይቺን የመሰለች ሸጋ ልጅ በበዓል ቀን እንዲህ ትወጣለች?»

«እምቢ አለችኝ፣ አያ።»

«ማኪናው ነዋ?»

የትነበርሽ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ በአጠገባቸው የሚያልፈው ሁሉ ሰማት።

«ማኪናው አይደለም፣ አያ። ልጄ ናት።»