በሻይ ብርጭቆ የሣልኳቸው ጌጆች

ያላጠፋሁትን ጥፋት አሸክመው አራት ዓመት ግቢ አስጠረጉኝ። ሦስት ቁጥር ሞተር የተቃጠለው በእኔ፣ በካሴ ቸልተኝነት ነው ተባለ። ውሸት ነው።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ የመብራት ጣቢያ የገባሁት ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ በመጣሁበት ዓመት ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣው መስመር ሲቋረጥ ከተማውን የሚያበሩት የእኛ የናፍጣ ሞተሮች ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ቡትቶ ጨርቅና አንድ ባልዲ ነጭ ጋዝ ሰጥተው ሞተር አስወለወሉኝ። ጆሮዬ ደንቁሮ ሰው ሲያናግረኝ አፉን ነበር የማየው። ሥራውን ግን ወደድኩት።

ከወልዋይነት ዘይት ቀጂ፣ ከዚያ የሞተር ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ተቆጣጣሪ በየሰዓቱ ሦስቱን ጌጆች፣ ባለመርፌ መለኪያዎቹን፣ ያያል፤ የዘይት ግፊት፣ የውኃ ሙቀት፣ ጭነት። ያየውን ለፈረቃ አለቃው ይናገራል፣ አለቃው መዝገብ ላይ ያሰፍራል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እንዳልረሳ ብዬ ደብተር ገዛሁ። የሻይ ብርጭቆ ደፍቼ ዙሪያውን አሰምራለሁ፣ መርፌው የቆመበትን ክቡ ውስጥ እሥላለሁ። ለቀን አንድ ገጽ፣ ለሰዓት አንድ ረድፍ።

«ያ ሐበሺ፣ አንተ ሐበሻ፣ ዛሬስ ስንት ብርጭቆ ጠጣህ?» ይለኝ ነበር አደም፣ የፈረቃ አለቃችን። እሱ የፈረቃውን የስምንት ሰዓት ቁጥር ከቁርስ በኋላ ባንድ መቀመጫ ሞልቶ የሚያርፍ ሰው ነው።

በሰሊጥ ወቅት የሦስት ቁጥር ዘይት መርፌ መውረድ ጀመረ።

«ያ ረይስ፣ እናቁመው» አልኩት አለቃዬን።

«መርፌው አርጅቶ ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ ሂድ ወልውል።»

በማግስቱም ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። በሦስተኛው ቀን የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመው ብሮንዚና ቀልጦ ሞተሩ ቀጥ አለ። የጣቢያው ሹም መዝገቡን ገለጠ፤ ዘይቱ ለሦስት ቀን ደህና ነው ይላል፤ አደምም ካሴ የነገረኝ ይህንኑ ነው አለ። እኔም ደብተሬን አመጣሁ።

«ልጆች አሉህ?» አለኝ ሹሙ ገጹን እያገላበጠ።

«የሉኝም።»

«ታዲያ ይህን ማን ሞነጨረው?»

ሁሉም ሳቀ። መጥረጊያ አስያዙኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በንዴት ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ እዚያው ገዳሪፍ ባለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከአንድ ዲያቆን አማርኛውን ተማርኩ፤ ዐረብኛውን ከጣቢያው ዘበኛ። ደብተሬን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ አኖርኩት።

በአራተኛው ዓመት ያ ሹም ተዛውሮ ሲት ነፊሳ፣ ወይዘሮ ነፊሳ እንደማለት ነው፣ የምትባል መሐንዲስ በቦታው መጣች። ምስጥ የበላው አሮጌ መዝገብ ወጥቶ ይቃጠል ብላ አዘዘች። ተሸካሚው እኔ ነኝ። ሦስት ቁጥር የተቃጠለበትን ወር መዝገብ ሳገኝ ክምሩን ጥዬ ቆሜ ማንበብ ያዝኩ። ሞተሩ ሊቃጠል አንድ ቀን ሲቀረው ያለውን ገጽ ሳይ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ሲት ነፊሳ ከበሩ።

«እያነበብኩ ነው፣ ሲት።»

ያን ቀን ሰሊጥ የጫነ ሎሪ ገበያው አጠገብ ምሰሶ ገጭቶ፣ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት መላው ገዳሪፍ መብራት አልነበረውም። ይህን የማያስታውስ ሰው የለም። የአደም መዝገብ ግን በነዚያ ሰዓቶች ሦስት ቁጥር ሙሉ ጭነት ተሸክሟል ይላል። ሮጬ ደብተሬን አመጣሁ። በኔ ገጽ ሞተሩ ባዶውን ሲዞር የጭነቱ መርፌ በነዚያ ረድፎች ዜሮ ላይ ተኝቷል። አጠገቡ የዘይቱ መርፌ ከትናንቱ ዝቅ ብሏል። ሲት ነፊሳ ከመስመር ሠራተኞቹ ቢሮ የመቋረጡን ሰዓት አስመጣች፤ ከሥዕሌ ጋር ገጠመ።

አደም ተጠራ።

«የሻይ ብርጭቆ ሊመሰክርብኝ ነው?» አለ።

«ብርጭቆው ሳያይ አልጻፈም» አልኩት።

ሲት ነፊሳ መዝገቡን ወደሱ ገፋችው። «አደም፣ ከተማው በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ያን ሁሉ ጭነት ማን ተጠቀመው? አንተ ቤት ነው?»

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሠራተኛ በሳቅ ፈነዳ። አደም መዝገቡን ዘጋው። «ማዕሌሽ፣ ይቅርታ፣ ያ ካሴ» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። ማዕሌሹን አልተቀበልኩም፤ ዛሬም አልቀበልም። አራት ዓመት ነው የጠረግሁት።

እሱ ከአለቅነት ወረደ፤ እኔ በቦታው ተሾምኩ። ሲት ነፊሳ ጥፋቱ የኔ አለመሆኑን ጽፋ አተመችበት። ደብዳቤውን ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሦስት ቁጥር አጠገብ ቆሜ፣ እኔው ራሴ አነበብኩት። አንዷን ቃል እንኳ አልዘለልኩም።

ከኋላዬ ለምትመጡ ተቆጣጣሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው፤ መርፌውን ሳታዩ ቁጥር አትጻፉ።

ደብዳቤው ላይ የሰፈረው ቀን በእኛ ሲቆጠር ሰኞ፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው፤ ይህንም አይቼ ነው የጻፍኩት።