አባባና ከተማሪዎች የተረፈችው ኮምፓስ

ትምህርት ሲዘጋ ለተማሪዎቼ ትንንሽ ነገር ማደል ልማዴ ነው። የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ከረሜላ ማደል አይሆንልኝም። ደምበጫ ካለ ሱቅ ርካሽ ማግኔት፣ ማጉያ መነጽር፣ አዝራር የምታህል ኮምፓስ እገዛለሁ። አንድ ዓመት አዳርሼ የተረፈኝን ቤት ይዤ ብገባ አባባ «ለእኔስ?» አሉኝ።

አባባ ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ለሕክምና ብዬ ደብረ ማርቆስ፣ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው፤ ለትንሽ ጊዜ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። «መቼ ነው የምሄደው?» ጠዋትም ማታም ይኸው ነው። «ሲከፈት» እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ?

ኮምፓሷን መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። «እንዴት አድርገው ቢያዞሯት ወደ አንድ ወገን ነው የምታመለክተው» ከማለቴ «በቃ፣ ገብቶኛል» አሉ። ለካ የገባቸው ሌላ ነው! ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚዞር ነገር ከምሥራቅ ሌላ ወዴት ሊዞር! ጠዋት ብነሣ አባባ ቆመው ዳዊታቸውን በቃል ይደግማሉ፤ ፀሐይዋ ቀኝ ጉንጫቸው ላይ ናት።

«ኧረ አባባ! ይቺ እኮ ሰሜንን ነው የምታሳየው!»

«ሰሜን ደግሞ ምን ይሠራልኛል?» አሉ ቆጣ ብለው። ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ቆይተው ግን ቀስ ብለው «እንዲያው ደብረ ወርቅስ በየት በኩል ናት?» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ በሰሜንና በምሥራቅ መካከል ዘረጋሁላቸው። ከዚያ ወዲያ ሲጸልዩ ወደ ምሥራቅ፣ ሲቀመጡ ግን በርጩማቸውን ወደዚያ ያዞሩታል። ፊት ለፊታቸው ያለው የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ነው። «አሁን ልጆቹ እየቀጸሉ ይሆናል» ይላሉ፣ ተማሪዎቻቸው ትምህርታቸውን እየከለሱ ነው ማለታቸው ነው። አንጀቴን ይበሉኛል።

በፍልሰታ ጾም ዐረፉ። እዚሁ ቀበርናቸው።

መንገዱ የተከፈተው አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ፤ ናፈቁኝ፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። የኖሩበትን አይቼ ልምጣ ብዬ ኮምፓሳቸውን በመዳፌ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ።

«ደብረ ወርቅ! ደብረ ወርቅ! ስንት ናችሁ እናት?» አለኝ የሚኒባሱ ረዳት።

«ሁለት» አልኩት።

ሌላኛውን ሰው ፍለጋ ከኋላዬ ተመለከተ።