የሦስተኛው አልበም ድራም

ሲይዙኝ አልሰማኋቸውም። ጠዋት ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ጆሮዬ ውስጥ ማዳመጫ ሰክቼ ሙዚቃ እየሰማሁ ነበር። ሦስት ጊዜ በስሜ ጠርተውኛል አሉ። በአራተኛው አንዱ ትከሻዬን ይዞ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቀለው። መነጽር ቤት ነው የምሠራው፤ ወደ ሥራዬ እየሄድኩ እንደሆነ ልነግራቸው ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሰልፉ ላይ ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝና አንድ እርምጃ ራቅ አለች። አልፈርድባትም። እኔም ብሆን እርቅ ነበር።

ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚከተለውን አንብቦ ጀግና የሚያደርገኝ ሰው እንዳይኖር ነው። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ግን ታስሬ ለእናቴም አልሆንኳትም። ስንቅ ይዛ ስትመጣ በር ላይ ተቀብለው ይመልሷት ነበር።

የታሰርኩበት ግቢ በሩ ላይ ምንም ምልክት የለውም። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ የምንተኛው በጎን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። በሩ ሥር አንድ ቡናማ ጫማ ተቀምጧል። ባለቤቱን ከሳምንት በፊት «ወደ ሌላ ቦታ» ብለው በባዶ እግሩ ወስደውታል፤ ጫማውን የሚነካው ሰው አልነበረም። ከላይ በሽቦ የታጠረች ትንሽ መስኮት አለች። ከእሷ ሰማይ ባይታይም የመንገዱ ድምፅ ይገባል። ወያላው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፦ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! የሞላ!»

እኔን ያንቀጠቀጠኝ ይህ ጥሪ ነው። የሚፈልጉት ሰው የተደበቀው እዚያው ዓለም ባንክ ሰፈር ነበር።

ሰውየው ጓደኛዬ ነው። መምህር ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ስለፈረሱት ቤቶች ፌስቡክ ላይ ጽፎ፣ እንደሚፈለግ ሲሰማ አክስቱ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ተደበቀ። እኔና እሱን ያገናኘን ፖለቲካ አይደለም። አንድ ፀጉሩ የሸበተ የውጭ አገር የሮክ ጊታሪስት ነው። ጊታሪስቱ በወጣትነቱ ከነበረበት ባንድ ወጥቶ ብቻውን አምስት አልበም ሠራ፤ እኛ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዎች ሆነን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን ከአምስቱ የትኛው ይበልጣል እያልን ሦስት ዓመት ተጨቃጨቅን። እኔ የሦስተኛው ሰው ነኝ። ጓደኛዬ አራተኛውን ይላል። አራተኛው ለስለስ ያለ፣ የሆቴል ሳሎን ውስጥ የሚከፈት ዓይነት ሙዚቃ ነው እያልኩ አበሽቀው ነበር።

ሌሎቻችን የምንሰማው ከስልክ ነው። እሱ ግን የሦስተኛውን ሸክላ ከነሽፋኑ መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝቷል፤ የተከራየው ክፍል ስለሚያፈስ ሸክላውንም ማጫወቻውንም አክስቱ ቤት አስቀመጠ። ለማንም አያውስም። ግሩፑ ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «ሽፋኑን ማንበብ የፈለገ ይምጣ እንጂ ሸክላው ከዚህ ቤት አይወጣም።» ቤቱ የት እንደሆነ አልጻፈም። እኔ ግን ስንቴ ሄጃለሁ። ሲይዙኝ የሰጠሁት ቃል ደግሞ «በቴሌግራም ብቻ ነው የማውቀው፤ በአካል አግኝቼው አላውቅም» የሚል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ መርማሪው ወሰዱኝ። የጠበቅኩት ድብደባ ነበር። ሰውየው በእኔ ዕድሜ ነው፤ ግራጫ ሹራብ ለብሷል፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። ሻይ አስመጣልኝ። ጠረጴዛው ላይ ስልኬ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ይህን ሁሉ ያነበብኩት ሥራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም» አለኝ ፈገግ ብሎ። «የልጅነቴ ሙዚቃ ነው። የመጀመሪያው ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ጩኸት በዛበት። አይደለም?»

«ልክ ነዎት» አልኩ። እውነትም ልክ ነበር። ሻዬን ጠጣሁ።

«ሦስተኛው ግን ያሳዝናል። ድራሙ ማሽን ነው። ድራመር እንኳ አልቀጠረም።»

«ማሽን አይደለም!» አልኩ። «ሰው ነው የመታው። ሽፋኑ ላይ ተጽፏል።»

ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «የቱ ሽፋን?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ስልኬን አነሳና የጓደኛዬን ጽሑፍ አንድም ቃል ሳይዘል አነበበልኝ። «ሸክላው ከዚያ ቤት አይወጣም ካለ፣ አንተ ቤቱ ገብተህ አንብበሃል ማለት ነው። የት ነው ቤቱ?»

ውጭ ወያላው እየጮኸ ነበር። ድምፁ ከእኔ አፍ የሚወጣ መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ።

«ነገ ጠዋት አንተው ትወስደናለህ» አለኝ በደግነት። «ካልሆነ ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለህ። ሻይህን ጨርስ።»

ክፍሉ ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት ያንን ቡናማ ጫማ ነው። ተቀምጬ አለቀስኩ። ለጓደኛዬ ነው ያለቀስኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ለራሴ ነው።

ሀጂ የምንላቸው ሽማግሌ የክፍሉ ካቦ ነበሩ፤ መኝታ የሚያከፋፍሉት፣ ጠብ የሚያበርዱት እሳቸው ናቸው። ኮልፌ አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል። አጠገቤ ተቀመጡ። የቤቱን ቦታ ትቼ ሌላውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ሰውየው ከበሮውን የመታው ማሽን ነው አለህ?»

«አዎ።»

«አንተ ሰው ነው አልክ?»

«አዎ ሀጂ።»

«ወላሂ፣ በቃ ይኸው ነው?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስማኝ ልጄ። ዱሮ አንድ ሰው ሱቄ እየገባ 'ይሄ ጨርቅ ሲታጠብ ይለቃል' ይለኝ ነበር። እኔ ተናድጄ እንደማይለቅ ላሳየው ጥቅሉን ሁሉ አወርዳለሁ፤ ከማን እንዳመጣሁት እነግረዋለሁ። ምን ሆነ? በወሩ አጠገቤ ሱቅ ከፈተ። ዕቃህን የሚያጣጥልብህን ሰው 'ልክ ነህ' ብለህ ሸኘው።»

«እኔ አልችልም።»

«ትችላለህ። እንለማመዳለና።»

ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ተደጋግፎ ሲያንቀላፋ፣ ሀጂና እኔ ጥግ ይዘን ተለማመድን። እሳቸው ስለ ጊታር ምንም ስለማያውቁ የሚሰድቡኝን ስድብ እኔው ነበርኩ የማስጠናቸው።

«ይኼ ጊታር የሚቧጭረው ሰውዬ» አሉ ኮስተር ብለው፣ «ከበሮ መቺ የሚቀጥርበት አጥቶ ነው ማሽን ያስመታው?»

«አጥቶ አይደለም! እሱ እኮ…»

«ወደቅክ። እንደገና።»

አራት ጊዜ ወደቅኩ። በአምስተኛው «አዎ፣ ማሽን ነው» አልኩ።

«አሁን ደግሞ ሳታለቅስ በለው።»

የአስር ሶላት እስኪደርስ ደገምነው። ከዚያ ሀጂ አሰብ አድርገው፣ «ከአምስቱ የምትጠላው የቱን ነው?» አሉኝ።

«አራተኛውን።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እሱን ነው የምትወደው። አዎ አዎ ብቻ ብትለው ይነቃብሃል። የሚያወራው ነገር ስጠው።»

በማግስቱ ሻዩ መጣ። አልነካሁትም።

«እንሂድ?» አለ መርማሪው።

«የት?»

«ሸክላው ያለበት ነዋ።»

«ሸክላ አላየሁም» አልኩ። «ድራሙ ማሽን ነው፤ እርስዎ ልክ ነዎት። ትናንት ያንን ያልኩት ያወቅኩ ለመምሰል ነው። ስለ ሽፋኑም ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ያኔ እንደዚያ አልመሰለኝም።»

«ለነገሩ ሦስተኛውን ብዙም አልሰማው። ግሩፑ ላይ አራተኛውን የማጣጥለው ሰው ለማብሸቅ ነው እንጂ እኔ የአራተኛው ሰው ነኝ።»

ቅንድቡ ተነሳ። «የአራተኛው?»

ያኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስስቅበት የኖርኩትን የጓደኛዬን ክርክር ቃል በቃል አወጣሁት። ጊታሪስቱ እዚያ አልበም ላይ ሲደርስ ጣቱ እንደ ዱሮው አይፈጥንም፤ ስለዚህ አንድን ድምፅ ከመምታቱ በፊት ይመርጣል አልኩ። ወጣት ሳለ ያሳየን ችሎታውን ነው፤ አራተኛው ላይ ያሳየን ራሱን ነው አልኩ። ጓደኛዬ ይህን ሲል እጁን እንዴት እንደሚያወናጭፍ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ በጣም ናፈቀኝ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ መርማሪው። «ያንን የሆቴል ሙዚቃ?»

«አዎ።»

«ጊታር እኮ የለበትም! ሰውየው እኮ እዚያ ላይ ደክሞታል! እዚያ አልበም ላይ ሁለተኛውን ዘፈን ሰምተኸዋል? እሱን ነው ምርጫ የምትለው?» ጠረጴዛውን መታ፤ ሻዬ ፈሰሰ። በር ላይ የነበረው ፖሊስ ራሱን አስገብቶ አየን።

መርማሪው የፈሰሰውን ሻይ በወረቀት ጠረገና ስልኬን ዘጋው።

«ውሰደው» አለው ፖሊሱን።

ወዴት እንደሆነ አልተናገረም። ተመልሼ ክፍሉ ስገባ ጫማዬን አውልቄ በሩ ሥር አላስቀመጥኩም፤ ታቅፌው ተቀመጥኩ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እግሬን አስገባለሁ። ሀጂ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም፤ ከስንቃቸው አጉርሰውኝ መኝታዬን ከበሩ ራቅ አደረጉልኝ።

የጠራኝ የለም። ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አምኖኝ ይሆናል፤ ሌላ ጉዳይ መጥቶበት ይሆናል፤ ከእኔ ጋር እንደዚያ በመጨቃጨቁ አፍሮም ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ክስ፣ ያለ ማብራሪያ «ዕቃህን ያዝ» አሉኝ። ስወጣ ቡናማው ጫማ እዚያው ነበር።

ጓደኛዬ ስልኩን ስላጠፋ መያዜን እንኳ አልሰማም ነበር። ያን ጠዋት ይዣቸው ብሄድ ኖሮ አክስቱ ሳሎን ቁጭ ብሎ ያገኙት ነበር። ወራት አልፈው ነገሩ ሲበርድ ሁሉንም ነገርኩት። «በአንድ መስመር ጽሑፍ ልሸጥህ ነበር» አልኩት። እሱ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነው።

«ስለ አራተኛው ምን አልከው?»

«ከሁሉም ይበልጣል አልኩት።»

«በመጨረሻ አመንክ!»

«ተገድጄ የሰጠሁት ቃል ነው» አልኩት፤ «ተቀባይነት የለውም።»

ሳቅን። እሱ ሲስቅ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

ሀጂም ተፈትተው ሱቃቸው ተመልሰዋል። አንዳንዴ ሄጄ አያቸዋለሁ፤ ከሰላምታ በኋላ «ያ ጊታር የሚቧጭረው ሰውዬ ደህና ነው?» ይሉኛል።

ግሩፑ አሁን እሁድ እሁድ የጓደኛዬ አክስት ቤት ይሰበሰባል። ስሄድ ወያላው ሲጠራ ሰምቼ እገባለሁ እንጂ «ዓለም ባንክ ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የሰፈሩን ስም ጮክ ብዬ መጥራት እስካሁን ያስፈራኛል። ባለፈው እሁድ አንዲት አዲስ የተቀላቀለች ባንክ የምትሠራ ልጅ ሦስተኛውን እየሰማን ሳለ፣ «ድራሙ ግን ማሽን ነው አይደል?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ጓደኛዬም ጭምር። እኔ መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። ዝግ ነበር። ቢሆንም ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ሰው ነው የመታው» አልኳት። «ሽፋኑ ላይ ተጽፏል።»