አራተኛዋ ኪኒን

ባሌ ደምሌ ድግስ ከተባለ ከቄስ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። በላይ ጋይንት እሱ ያልተቀመጠበት ዳስ፣ እሱ ያልበላበት ተዝካር ካለ ንገሩኝ። ሥራ ላይ ሰነፍ እንዳትሉት፤ ገብሱን በጊዜ ያርሳል፣ በጊዜ ይወቃል፣ በሬዎቹን ከራሱ አብልጦ ይንከባከባል። ዳስ ካየ ግን አለቀለት። የዛሬ ሦስት ዓመት «ስኳር በሽታ አለብዎት» ሲባል ለራሱ ያዘነ አይምሰላችሁ። ያዘነው ለጠላው ነው።

ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት የምትከታተለው ሲስተር ፅጌረዳ ታጋሽ ልጅ ናት፤ ኪኒኑን የሰጠችው እንደ ውዳሴ ማርያም ደጋግማ አስጠንታ ነው። «አባባ፣ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከዋጡ ወዲያው ይብሉ። የማይበሉ ከሆነ አይዋጡት፤ ስኳርዎ ወርዶ ይጥልዎታል።» እሱም «እሺ ልጄ፣ እሺ» እያለ አንገቱን ይነቀንቃል። ያየው ሰው የገባው ይመስለዋል።

የገባውስ ሌላ ነው። የደምሌ ሒሳብ እንዲህ ነው፦ ኪኒን የስኳር ጠላት ነው፤ ስኳር የሚመጣው ከድግስ ነው፤ እንግዲያው ኪኒን የሚዋጠው ለድግስ ነው! ቤት ሽሮ በልቶ የሚያድርበት ቀን ኪኒኑን አይነካም፤ «ለዚች ለዚችማ ምን ያደርጋል» ይላል። ተዝካር ሲኖር ግን ያጠራቀመውን በአንድ ጠዋት! ያውም በባዶ ሆድ። ድግስ የተጠራ ሰው ቁርስ ይበላል እንዴ? ሆዱን ለዳሱ ይጠብቃል እንጂ! ምን ያልተናገርኩት አለ? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ጥር የጎረቤታችን የካሴ አባት ሙት ዓመት ነበር። ደምሌ ማልዶ ተነሥቶ ነጭ ጋቢውን ለበሰና ኪኒኑን መዳፉ ላይ ዘረገፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዋጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። እጁን መያዝ ነበረብኝ። ምላሴ ቀደመኝና፣ «ምነው ሦስት ብቻ? በሬ የታረደበት ድግስ እኮ ነው! አራተኛዋን ለማን ትተዋታለህ?» አልኩት።

ዘወር ብሎ አየኝ። ግትር ነው። አንዲት ጨምሮ አወጣና ዓይን ዓይኔን እያየ ዋጣት። «ይኸው!» አለ።

«እሰይ!» አልኩት እኔም፣ ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኩት።

ዳሱ ሞልቷል። ጸሎቱን የሚመሩት መርጌታ ከቤተ ልሔም ደብር እየመጡ ነው ተብሎ ይጠበቃሉ። እሳቸው ሳይደርሱ፣ ማዕዱ ሳይባረክ ማን እጁን ይሰዳል? ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። ወጡ እየሸተተን ተቀምጠናል። ደምሌ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ላብ አጠመቀው፣ እጁም ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ መቀባዠር። አጠገቡ የተቀመጡትን ሽማግሌ «ሳብ! ቡሬ፣ ሳብ!» ይላቸዋል። ሰው ሳቀ። «ከቤቱ ጠጥቶ መጥቷል» አሉ። ከመደቡ ተንሸራቶ ሲወድቅ ግን ሳቁ ቆመና «ቡዳ በልቶታል! ጠበል አምጡ!» ሆነ።

«ስኳሩ ወርዶ ነው! ስኳር ስጡኝ፣ ማር ስጡኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ልትገድይው ነው ወይ!» ካሴማ ሁለት እጄን ጥፍንግ አድርጎ ያዘና «እረፊ አንቺ መሰለች፤ ደንግጠሽ ነው» ይለኛል። ወይ ሊቃውንት! ባሌ እግራቸው ሥር ሊሞት ነው፣ እነሱ ስኳርን ያስተምሩኛል።

ለካህናቱ ተለይቶ የተቀመጠ ብርዝ ነበር፤ ያልፈላ ማርና ውኃ። የካሴን እጅ ነከስኩትና አመለጥኩ። ገንቦውን ሳነሣ «ኧረ ካህናቱ ያልቀመሱትን!» ብለው ተንጫጩ። ይንጫጩ! የደምሌን ራስ ክንዴ ላይ ቀና አድርጌ በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት። እግዜር ይመስገን፣ መዋጥ ገና አላቃተውም። «ዋጥ፣ አንተ ሆዳም፣ ዋጥልኝ!» እያልኩ አለቅሳለሁ። ከቆይታ በኋላ ዓይኑ ጠራ። መጀመሪያ የተናገረው ምን መሰላችሁ? «ማዕዱ ቀረበ ወይ?»

ዳሱ በሙሉ «ጠበሉ አዳነው» አለ። ጠበሉን ማቃለሌ አይደለም፣ ይቅር ይበለኝ፤ ግን ደምሌ ዓይኑን ሲገልጥ ጠበል ሊያመጣ የሄደው ሰው ገና መንገድ ላይ ነበር።

እንጀራ አጉርሼው በባጃጅ ንፋስ መውጫ ወሰድነው። ኪኒኑ ከሰውነቱ እስኪወጣ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል ብለው ግሉኮስ ሰክተው አስተኙት። ሲስተር ፅጌረዳ መጣች።

«ስንት ዋጡ አባባ?»

«አራት።»

«አራት! ምን ሆነው ነው?»

አሁን ይናገራል፣ አሁን እኔን ያሳያታል ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ። ለአገሩ ሁሉ የሚተርፍ ምላሴ ደረቀ።

«ቆጠራ ተሳስቼ ነው ልጄ» አላት ደምሌ። «ዓይኔ ደክሟል።»

ዓይኑ ደክሞ! ማዶ ተራራ ላይ ያለ የሰው በግ የሚቆጥር ሰውዬ! ልጅቷ ግን አመነችው፤ ወደ እኔ ዞራ፣ «እማማ፣ እንግዲህ እርስዎ ይቁጠሩላቸው። እርስዎ ካሉ አልሰጋም» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቅንጬውን አቀርብና አንዲት ኪኒን አጠገቡ አኖራለሁ። «ይቺ ብቻ? ዛሬ እኮ ሰንበቴ አለ» ይለኛል አሁንም፣ አይማርም እኮ! መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል። እውጠዋለሁ፤ ሳህኑን እስኪጨርስም አጠገቡ እቀመጣለሁ።