አስነስቼ ያጠፋሁት ትራክተር

ያሰሩን እህል መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዘ ማሽላ ሽታ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ነበር። ወንጀላችን ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ነው። የአርዲቦ ሐይቅ ዳር መሬት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው ሲሉን፣ «ያረስነው እኛስ የት እንሂድ?» ብለን ጠየቅን።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ እዚያው ሐይቁ ዳር ሽንኩርት ነበራቸው። የተያዙት ሊነቀል ጥቂት ሲቀረው ነው። «ቅጠሉ መተኛት ጀምሮ ነበር» ይሉኛል፣ ስለ ልጅ እንደሚያወራ ሰው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የጠባቂዎቹ አዛዥ መጣ።

«ፓምፕ ጠጋኙ የቱ ነው?»

ተነሳሁ።

«ግቢው ውስጥ የቆመ ትራክተር አለ። ካስነሳኸውና ከነዳኸው ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«ምን ሊያርስ?»

«የሐይቁን ዳር።»

«ሽንኩርት አለበት እኮ።»

«ለዚያ ነው ዛሬ የፈለግነው፤ ሳይነቀል።»

ሽማግሌው ጋቢዬን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ሞተሩ ሞቷል በላቸው። ወላሂ፣ ማን ያውቅብሃል?»

ምክሩ ደግ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። አልችልም ብዬ መትረፍ አልፈለግሁም፤ እችላለሁ፣ ግን አላደርገውም ልላቸው ፈለግሁ። ደግሞም እንዲህ ቆሞ የከረመ ሞተር አንዴ ከጠፋ መልሶ የሚያስነሳው ግቢው ውስጥ እንደሌለ አውቅ ነበር።

ትራክተሩ ቀለሙ ተልጧል፤ ስም የነበረበት ሳህንም ተነቅሏል። ጠባቂዎቹ ቤንዚን ነው ናፍጣ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣ ነው። ሦስት ፒስተን፣ ፓምፑ በግራ፣ ማጥፊያው በሽቦ የሚሳብ። ጎረምሳ ሳለሁ በመንግሥት እርሻ የነዳሁት ዓይነት ነው።

«አንተ ነህ እንዴ!» አልኩት፣ እንደ በሬ ጎኑን መታ መታ አድርጌ። አንዱ ጠባቂ ሳቀ።

ያደረውን ናፍጣ አፈሰስኩ፤ ፊልትሮውን አጠብኩ። ከፒክአፓቸው ባትሪ አውርደው ሰጡኝ። አዲስ ናፍጣ ሞልቼ፣ መስመሩ ውስጥ ያለው አየር እንዲወጣ ቡሎኑን አላላሁና፣ አረፋው እስኪያልቅ በእጅ ፓምፑ ገፋሁ። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ። አጓራ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሊጠፋ ሲል ተመለሰና ረጋ ብሎ መሥራት ጀመረ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። ምሳ ይዘው የውጭው በር ላይ የቆሙት ሚስቶቻችን ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር።

«ጎበዝ! በል ንዳው» አለ አዛዡ።

ጎንበስ ብዬ የናፍጣውን መክፈቻ ዘጋሁት። ሞተሩ ትንሽ ሄደ፣ አሳለውና ቆመ። መስመሩ አየር ሳበ፤ አየሩን ማውጣት የማያውቅ ሰው ከእንግዲህ አያስነሳውም።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«ክፈተው!»

«አልከፍትም» አልኩ፣ በሩ ላይ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። «የታሰረ ሰው ሽንኩርት ላይ ማረሻ አልነዳም። ከደሴ መካኒክ አስመጡ።»

በጥፊ መታኝ። እኔም እጄን በጨርቅ ጠርጌ፣ ዝናብ እንዳይገባበት የጭስ ማውጫውን በጣሳ ከደንኩለት። ማንም ሳይጎትተኝ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሽማግሌው ግድግዳውን ትተው እኔን ወደዚያ አስጠጉኝ፣ እንድደገፍበት።

መካኒኩ ሳይመጣ ወሬው መንደር ደርሶ ነበር። በማግስቱ የመንደሩ ሰዎች ተጠራርተው ጅጌ ወጡ። በእኛ አገር የታመመና የታሰረ ሰው ማሳ ብቻውን አይተውም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ተሰልፎ ሽንኩርቱን ነቅሎ ሽማግሌው ቤት ከተተው። እኔ የክረምቱን ዝናብ እዚያው መጋዘን ውስጥ ጨረስኩት። መሬቱንም በኋላ ወሰዱት፤ ያን ዓመት ግን የሽማግሌው ቤት አልተራበም።

ዛሬ ሐይቅ ከተማ ትንሽ የፓምፕ መጠገኛ አለችኝ። ባለፈው፣ ያኔ የሳቀው ጠባቂ የተበላሸ ፓምፕ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ጥበቃውን ትቶ አሁን ያርሳል። አወቅሁት፣ አወቀኝ። ፓምፑን ፈታሁለት። ቁጭ ብሎ እጄን እያየ፣

«ያን ቀን መክፈቻውን ስትዘጋ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለኝ።

«አዎ፣ ይንቀጠቀጥ ነበር» አልኩት። «እየተንቀጠቀጠ ነው የዘጋው።»