የጋሽ ታደለ ፊርማና የእኔ ዝምታ

የፋብሪካችን የቁጥጥር መሐንዲስ የነበሩት ጋሽ ታደለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሕመም አርፈው በትውልድ ቦታቸው በቁይ ተቀብረዋል። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ከቁጥጥር ክፍል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት የተዛወሩበት ምክንያት አልተነገረም። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ለምታውቋቸው ሁሉ መናገር ይገባኛል።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ዱቄት ፋብሪካው ስቀጠር የተመደብኩት ከእሳቸው ጋር ነበር። በየሞተሩ አጠገብ ያሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ በሚባል ሥርዓተ ክወና ይሠራሉ፤ በኔትወርክ የሚመጣላቸውን ትእዛዝ በተወሰነች ቅጽበት ውስጥ መፈጸም አለባቸው። ጋሽ ታደለ የኮምፒውተሩ አንጎል ከሆነው ፕሮሰሰር አራት ኮሮች፣ ማለት ራሳቸውን ችለው ከሚያሰሉት ክፍሎች፣ አንዱን ለሞተሩ ብቻ ይለዩና ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ሦስቱ ያዛውራሉ። ከዚያ እያንዳንዷ ትእዛዝ ለመፈጸም ስንት ጊዜ እንደወሰደች ሙሉ ቀን ያስለካሉ። ውጤት ሳመጣላቸው «አማካዩን ተይው ልጄ፤ ከሁሉም የዘገየችዋን አሳዪኝ» ይሉኝ ነበር።

በመጀመሪያው ወር አንድ የኮምፒውተር ቦርድ አቃጥዬ ሳለቅስ አገኙኝ። «እኔ ሦስት አቃጥያለሁ፤ ገና ሁለት ይቀርሻል» አሉኝ።

የማጓጓዣ ቀበቶው ኦፕሬተር ይርጋ ይቀልድባቸዋል። «ጋሽዬ፣ እኔ ግማሽ ሰዓት ባረፍድ ዝም ይሉኛል፤ ይችን ምስኪን ማሽን ግን ለዓይን ጥቅሻ ይቆጧታል!»

«አንተ ስታረፍድ ዱቄቱ ይቆያል፤ እሷ ስታረፍድ እጅህ ይሄዳል» አሉት። ሳቅን።

የቀበቶውን ኮምፒውተር እንደገና አስተካክለን ሙከራውን ለእኔ ተዉልኝ። የለካሁት በማርያም ዕለት ነበር። በዚያ ቀን ፋብሪካው አይፈጭም፤ ሞተሮቹ ቆመዋል፤ ኔትወርኩም ጭር ብሏል። ቁጥሩ ሲያምር ደስ አለኝ እንጂ ለምን እንዳማረ አላሰብኩም። በማግስቱ ጋሽ ታደለ ሥራ አስኪያጁ ባሉበት «ሁሉም እየሠራ ነው የለካሽው?» ብለው ሲጠይቁኝ ስሕተቴ ገባኝ። አፈርኩና «አዎ» አልኩ። አምነውኝ ፈረሙ።

ከሳምንት በኋላ ማሽኖቹ በሙሉ ኃይል ሲሠሩ ይርጋ የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነ፤ ኔትወርኩ ተጨናንቆ ስለነበር ትእዛዙ ዘግይቶ ደረሰ። ቀበቶው እጅጌውን ይዞ ቀኝ እጁን ሰበረው።

በምርመራው ስብሰባ ጋሽ ታደለ «ፊርማው የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» ብለው ተቀመጡ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ ጠረጴዛውን አይ ነበር።

በዚህ ምክንያት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። አንድ ቀን እዚያ ሄጄ «ያ ሙከራ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የለካሽበትን ቀን በኋላ አይቸዋለሁ» አሉኝ፣ ብሎን መለየታቸውን ሳያቋርጡ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«እኔም ቀኑን ሳላይ ፈርሜያለሁ፤ የእኔን ተናገርኩ። የአንቺን አንቺ ትናገሪያለሽ።»

ከዚያ ወዲህ አንሥተውት አያውቁም። ታመው ስጠይቃቸውም ስለ እናቴ ጤና ነበር የሚጠይቁኝ።

ይርጋ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ ምን እንደሚወስኑብኝ አላውቅም።

ጋሽ ታደለ፣ እርስዎ እዚያ ግምጃ ቤት ውስጥ በየቀኑ ሲቀመጡ በአንድ ቃል ላስነሣዎት እችል ነበር፤ አላደረግሁትም። ይቅር ብለውኝ እንደሄዱ አውቃለሁ፤ የሚከብደኝም እሱ ነው። የቁይ አፈር ይቅለልዎት፤ ደህና ይሁኑ።